በአባቴ እርምጃ ልክ

አባቴ የሰው ፊት ይረሳ ነበር፤ እግር ግን አይረሳም። መንገድ ላይ ሰላም ያለውን ሰው «ማነው?» ብዬ ስጠይቀው «አርባ ሁለት ቁጥር፣ ቀኙ ሰፋ ይላል» ይለኛል። ስም የለ፣ ሥራ የለ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የለ። ጫማ ሰፊ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሲቆርጥና ሲሰፋ ሜትር ነክቶ አያውቅም። የደንበኛውን እግር ካርቶን ላይ ያስቆምና ዙሪያውን በእርሳስ ይስላል፤ ከዚያ በስንዝሩና በጣቶቹ ይለካል፤ አለቀ። ጫማው ሲደርስ ሰውየው አጥልቆት ሁለት ሦስት ጊዜ ረገጥ ረገጥ ያደርግና «ልኬ ነው» ይላል። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ ጋሽ ልኬ አለው፤ እኔም ትምህርት ቤት የጋሽ ልኬ ልጅ ነበርኩ። እሱ ቅጽል ስሙን ይወደው ነበር። እኔ ግን ያንን በገዛ አካሉ የመለካት አመሉን በስተኋላ አምርሬ ጠልቼዋለሁ።

አመሉን ያመጣው ከጦርነቱ ነው። አገራችን ነፃ የወጣችበት ጦርነት ሲያልቅ አባቴ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው ፈንጂ መቅበር ነበር። በጥንድ ነው የሚሠሩት። አንዱ ይቀብራል፤ አንዱ እየቆጠረ ይጽፋል። ቀባሪው አባቴ ነው፤ ቆጣሪው ደግሞ ከአንድ ሳህን የሚበላ ጓደኛው። መለኪያ የሚባል ነገር በእጃቸው ስላልነበረ ካርታውን የሚሠሩት በእርምጃ ነበር። ቆጣሪው «ከጥቁሩ ድንጋይ ወደ ወንዙ ሠላሳ ሁለት፣ ወደ ግራ አራት፤ አንደኛው» ብሎ ይጽፋል። የማን እርምጃ? የአባቴ። ያኔ ይኼ ችግር ሆኖ አልታያቸውም። ጦርነቱ ሲያልቅ አባቴ ራሱ ተመልሶ፣ በዚያው እግሩ ረግጦ፣ አንድ በአንድ ሊያወጣቸው ነዋ።

ቆጣሪው ጦርነቱ ሳያልቅ ሞተ። አባቴም ነፃነት ሊታወጅ አሥር ቀን ሲቀረው ግራ ጭኑን ተመታ። የተሰበረው አጥንት ተደራርቦ ገጠመና እግሩ ሦስት ጣት አጠረ። የነፃነቱ ዕለት ሆስፒታል ተኝቶ የደስታ ተኩስ ሲሰማ ጠላት መጣ ብሎ ከአልጋ ወድቋል፤ ይኼን ሁሌ እየሳቀ ነው የሚያወራው።

የጉሙን ሳምንት ግን እየሳቀ አያወራም። በዚያ ሳምንት ጉም መሬት ላይ ተኝቶ ሰው የዘረጋውን እጁን እንኳ ማየት አልቻለም ነበር። ጠላት ወንዝ ተሻግሮ ይመጣል ስለተባለ አባቴና ቆጣሪው በአምስት ቀን ሰባት ማሳ ላይ ፈንጂ ቀበሩ። ማሳዎቹ ያሉት በሦስት የተለያዩ ወንዞች ዳር ነው። ከሰባቱ አንዱ የገዛ አባቱ፣ የአያቴ ማሳ ነበር። አዛዡ «ይኼን አካባቢ የሚያውቅ ማነው?» ሲል እጁን ያወጣው ራሱ ነው። ሌላ ሰው ቢቀብረው ተመልሶ ማውጣት አይችልም ብሎ ፈርቶ እንደሆነ ነግሮኛል። የአባቱን መሬት ለማዳን ብሎ የአባቱን መሬት ዘጋ።

ነፃነቱ በመጣ በዓመቱ የአያቴ በሬ ገመዱን በጥሶ ማሳው ውስጥ ገባና አንዱን ረገጠ። አያቴ አልጮኸም፤ ልጁንም አልረገመም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ግን ከሰዓት በኋላ በርጩማውን ይዞ ማሳው ዳር ይቀመጥና ሣሩን ያያል። አስታውሰዋለሁ። ቀበሮ መሃል ለመሃል ሰንጥቃ ስትሮጥ «እሷ እንኳ መንገዱን አወቀችው» ይላል። አባቴ ሊጠይቀው በሄደ ቁጥር አንድ ጥያቄ ነበረችው፤ «መቼ ነው የምታወጣልኝ?» አባቴ ጫማውን ያያል። አያቴ የሞተው እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው፤ እዚያው በርጩማው ላይ።

አባቴ እኮ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በየዓመቱ ካርታውን ይዞ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ካርታው ከቆጣሪው ኪስ የወጣ፣ ጥጉ ላይ ቡናማ እድፍ ያለበት የደብተር ወረቀት ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በዕቅድ ላይ ነው»። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዕቅድ ላይ ነበር። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ጡረታ ወጥተው፣ ጫማቸውን አባቴ ጋ እያሰፉ፣ ዕቅዱ ገና በዕቅድ ላይ ነበር።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምሠራው። ሹፌር አገባሁ፤ ሁለት ልጆች ወለድኩ። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴም ከእኛ ጋር ሆነ። ፊት ለፊቱ የሱ ሱቅ፣ ከኋላው አንዲት ክፍል፤ አምስታችን እዚያች ክፍል ውስጥ ነን። ማታ ትንሿ ልጄ ስትገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። ባለፈው ዓመት አከራያችን መጣችና ወገቧን ይዛ «ልጄን ልድርበት ነው፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልቀቁልኝ» አለች። ሌላ ቤት ፈልገን ፈልገን ታከተን። የቀረን የአያቴ መሬት ብቻ ነበር።

ፈጣሪ ያለው ነገር ይመስል በዚያው ሰሞን ፈንጂ አምካኞቹ መጡ። መሪያቸው መነጽር ያደረገች ቀጭን ወጣት ነች። አባቴ ሱቅ ድረስ መጥታ ካርታውን ተቀበለችውና እያገላበጠች ታየው ጀመር።

«ጋሼ፣ አንዱ እርምጃ ስንት ሜትር ነው?»

«የኔ እርምጃ ነው።»

«እሺ፣ የእርስዎስ ስንት ሜትር ነው?»

«የዛሬው ነው የዚያን ጊዜው?»

ሳቀች። ቀና ብላ እግሩን ስታይ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

አባቴ ዳር ቁጭ ብሎ እያያቸው በሁለት ወር ውስጥ ማሳውን በመሣሪያ ፈተሹት። ሠላሳ ዘጠኝ ፈንጂ አወጡ። በሬው የረገጠው ሲጨመር አርባ። የቆጣሪው ወረቀት መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር አርባ አንድ ነው። የቀረው አንዱ ወንዙ ጋ ነው መኖር ያለበት፤ እዚያ ደግሞ ጎርፍ በየዓመቱ ደለል ከምሮበታል። ፈንጂዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ መሣሪያው ደለል ውስጥ አያገኛቸውም። በእጅ፣ በቀጭን ብረት እየወጉ መፈለግ ነው የሚያስፈልገው። ልጅቷ እንዳለችው የሁለት ወር ሥራ ነው፤ ውላቸው የሚያልቀው ግን በአሥራ ስድስት ቀን ነው።

«የቀረውን ዝጉና ሌላውን ስጡን» አልኳት።

«ቅጹ ለሙሉ መሬት ነው፤ በከፊል የሚባል የለንም» አለችኝ። አፍራ ነው ያለችው።

ያኔ አባቴ «አሥር ቀን ስጪኝ፤ ቦታውን በእግሬ አሳይሻለሁ» አለ። ሱቁን ዘግቶ የራሱን እግር ካርቶን ላይ አቁሞ ሳለው። በጦርነቱ ጊዜ ያደርገው የነበረውን ዓይነት ሸራ ጫማ ሰፋ፤ የግራውን ሶል በሦስት ጣት አወፈረው። የሃያ ሦስት ዓመት እግሩን እየሰፋ ነበር። ጫማው ደርቆ ሲያልቅ ከአያቴ ቤት አጠገብ ወዳለው ጉድጓድ ሄደ። ከጉድጓዱ እስከ አያቴ ደጃፍ ድንጋይ፣ ወደ ጦርነቱ ሳይሄድ ውሃ ሲያመላልስ፣ ልክ ሁለት መቶ እርምጃ ነበር። ቤቱ ፈርሷል፤ ደጃፉ ግን አለ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሆነበት። በማግስቱ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። ጉልበቱን እያሸ፣ እያጉረመረመ፣ እርምጃውን እየለጠጠ ሲመላለስ የሚያልፍ የሚያገድም «ጋሽ ልኬ ዳግም ሊዘምት ነው!» እያለ ይስቅበታል። እኔም ስቄያለሁ። በዘጠነኛው ቀን ሁለት መቶኛው እርምጃ ደጃፉ ድንጋይ ላይ አረፈ። እንደ ሕፃን አጨበጨበ።

በአሥረኛው ቀን እኔም ባሌም ማሳው ዳር ቆመን አየነው። ከጥቁሩ ድንጋይ ተነሳ። ሠላሳ ሁለት፣ ወደ ግራ አራት፤ እግሩ አንደኛው ፈንጂ የወጣበት ጉድጓድ ጫፍ ላይ አረፈ። ሁለተኛው ላይ። ሦስተኛው ላይ። አምካኞቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩት ጀመር። በሬው የሞተበት ጉድጓድ ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። አርባኛው ላይ ሲያርፍ ባሌ እጄን ጨበጠኝ። ከአርባኛው ወደ ወንዙ አሥራ ሰባት፣ ወደ ቀኝ ስድስት። ልጅቷ ከፊቱ እየፈተሸች፣ እሱ እየተከተላት፣ ደለሉ ላይ ቆመ።

«እዚህ ነው፤ ካለ» አለ።

በቀሩት ስድስት ቀኖች በዚያ ነጥብ ዙሪያ ሲወጉ ሰነበቱ። ምንም የለም። በመጨረሻው ዕለት ልጅቷ ድንኳኑ ውስጥ አስቀምጣን ቁርጡን ነገረችን። «ወይ ጎርፉ ወስዶታል። ወይ ወደ ጎን ገፍቶት ወንዙ ዳር ካለው ሃያ እርምጃ ደለል ውስጥ አንዱ ቦታ አለ። ወይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልነበረም።»

አባቴ ይኼን የመጨረሻውን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«አንዱ ተሰንጥቆ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ቆጣሪው ‘ይኼ አይታመንም’ ብሎ ወንዝ ውስጥ ወረወረው። አስታውሳለሁ። ከጻፈው በኋላ ነው የወረወረው።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። «እንግዲያ አርባ ነው! አባዬ፣ አርባ ነው!»

«የቱ ወንዝ እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄ። ሰባት ማሳ፣ ሦስት ወንዝ። ውሃው ውስጥ ሲገባ ድምፁን እሰማዋለሁ፤ አሁንም እሰማዋለሁ። ወንዙን ግን አላየውም። ጉም ነበር።»

ልጅቷ «በቀባሪው የሚሞላ» የሚል ቅጽ አወጣች። «ጋሼ፣ እኔ አልገፋዎትም። ቁጥሩን የሚያርመው የቀበረው ሰው ብቻ ነው። አርባ ብለው ከፈረሙ መዝገቡ ይዘጋል፤ መሬቱም ለቤተሰቡ ይመለሳል» አለችው።

አባቴ እስክሪብቶውን ያዘ። እኛ ተነፈስን። እሱ ግን ጫፉን ቅጹ ላይ አሳረፈና መልሶ አነሳው። ጣቶቹ ወፍራም፣ ማስቲሽ የበላቸው ናቸው፤ እስክሪብቶው በመሃላቸው ጠፍቷል። ደሜ ፈላ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ፈንጂው አልነበረም፤ አከራዬ ወገቧን ይዛ ስትቆም ነው የታየችኝ። ዛሬም ድረስ የሚያቃጥለኝን ቃል ያኔ ተናገርኩ።

«አያቴን ማሳው ዳር አስቀምጠህ ገደልከው። አሁን ተራው የኛ ነው?»

አባቴ ጎንበስ አለና በቁጥሩ ቦታ ላይ «አላውቅም» ብሎ ጻፈ። ልጅቷ «አላውቅም የሚል መልስ አይቀበሉም፣ ጋሼ፤ ያለው አርባ አንድ ሆኖ ይቀራል» አለችው። «ይቅር» አለ። በማግስቱ ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። ፈንጂ አለ የሚሉት ቀይ እንጨቶች በመሬታችን ዙሪያ ተተክለው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ አባቴን አኮረፍኩት። አምስት ሰው በሚተኛበት አንድ ክፍል ውስጥ ሰው ማኩረፍ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጨው ሲፈልግ ለልጄ ይነግራታል፤ እሷ ለኔ ትነግረኛለች፤ እኔ ለሷ እሰጣታለሁ፤ እሷ ለሱ ታቀብላለች። ሁላችንም የምንቀመጠው አንድ ገበታ ዙሪያ ነው። ሁለት ወር እንዲህ ኖርን።

ኩርፊያው ግን ልብሱን ከማጠብ አላገደኝም። ልብስ ማጠብ ሥራዬ ነው፤ እድፍ አይቼ ሰውየው ምን ሲያደርግ እንደዋለ መናገር እችላለሁ። የአባቴ እድፍ የታወቀ ነው፤ ማስቲሽ ጭኑ ላይ፣ ቀለም እጅጌው ላይ። አንድ ሳምንት ሸሚዙ ከፊት ለፊቱ፣ ከደረት እስከ እምብርት ጭቃ ሆኖ መጣ። ክርኑ ሳስቷል። የሱሪው ጉልበት እንደዚያው። ደቃቅ፣ ግራጫ፣ ሲደርቅ እንደ ዱቄት የሚበን ጭቃ ነው፤ የወንዝ ደለል። መጀመሪያ መንገድ ላይ እየወደቀ መሰለኝ። ቀጥሎም እንደዚያው ሆኖ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ሸሚዙን ገንዳው ውስጥ እንደያዝኩት ክው ብዬ ቀረሁ።

በዕረፍት ቀኔ ጠዋት ከኋላው ተከተልኩት። መንገዱ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ስደርስ ቀይ እንጨቶቹን አልፎ፣ ደለሉ ላይ በሆዱ ተኝቷል። አይንቀሳቀስም። የሞተ መስሎኝ «አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«ቁሚ! እዛው ቁሚ፤ አንድ እግር እንዳታነሺ!»

ፊቱን እንኳ አላዞረም። እንዲህ ያለ ድምፅ ከሱ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያዝ የወታደር ድምፅ ነበር። ቆምኩ። እጁ ውስጥ ሶል የሚወጋበት ረጅሙ ወስፌ አለ። አጋድሞ ቀስ ብሎ መሬቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ያወጣዋል፤ አንድ ጣት ይለካና ደግሞ ያስገባዋል። አምካኞቹን ሁለት ወር ቁጭ ብሎ ሲያያቸው የከረመው ለካ ለዚህ ኖሯል። የጨረሰውን ቦታ ችካል ተክሎ በጫማ ክር ከልሎታል። ከኋላው ያለው መሬት በቀዳዳ ተሞልቶ የጫማ ስፌት መስሏል።

«ውጣ! በፈጠረህ፣ ውጣ!»

«እወጣለሁ። ዘጠኝ ቀዳዳ ነው የቀረኝ።»

ዘጠኙን ቀዳዳ ቆጠርኩ። ወስፌው ሲገባ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሲወጣ እተነፍሳለሁ። ገብቼ እጁን ይዤ ልጎትተው አልችል። ጥዬው ልሄድ አልችል። ስምንተኛው ላይ የሆነ ነገር ነካ መሰለኝ፤ ቆመ፤ አፈሩን በጣቱ ጠረገ፤ ድንጋይ ነው። ከዚያ በሆዱ እየተሳበ ወደ ኋላ ወጣና አጠገቤ ተቀምጦ ወስፌውን በሸሚዙ ጠረገው።

«ምን ሆነህ ነው፣ አባዬ? ምን ሆነህ ነው?»

«ካለ አገኘዋለሁ። አርባ አንድ ብዬ እፈርማለሁ፤ መሬቱ ያንቺ ነው። ከሌለ አርባ ብዬ እፈርማለሁ፤ መሬቱ ያንቺ ነው። ዋናው ማወቁ ነው።»

«ያን ቀን ያልኩህን ተወው። አፌ ነው። መሬቱም ይቅርብኝ፤ አልፈልገውም።»

«ያልሽው እውነት ነው» አለ። በቁጣ አይደለም፤ የጫማ ቁጥር እንደሚናገር ሰው ነው ያለው።

ያላደረግኩት የለም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ከሰስኩት፤ «ምልክቱ ተተክሏል፤ አዋቂ ሰው ነው፤ ምን እናድርገው?» አሉኝ። ወስፌውን ደበቅኩበት፤ በግማሽ ሰዓት ሌላ ሠርቶ «የወስፌ ድሃ አይደለሁም» አለኝ። ባሌ ለመነው፤ ልጆቹ አለቀሱበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ ሲያቅተኝ አብሬው መሄድ ጀመርኩ። በዕረፍት ቀኔ ከቀዩ እንጨት ወዲህ፣ አያቴ በርጩማውን ያስቀምጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። በሥራ ቀኔ ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ከወንዙ በኩል የሚመጣ ድምፅ ሳዳምጥ እውላለሁ። በር ሲላተም የያዝኩትን አንሶላ እጥላለሁ።

ዝናብ ገባ። ደለሉ ረጠበ። እሱ ግን አልቀረም፤ እንዲያውም «ሲለሰልስ ወስፌው ይገባል» አለ። ሳል ጀመረው። ከዚያ ትኩሳት። ባሌ በመኪናው አምጥቶ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ስናስተኛው ሐኪሙ ሳንባው ውሃ ይዟል አለን። አሥራ ሁለት ቀን ተኛ። አንሶላው ከሌላው በሽተኛ አንሶላ ጋር ተደባልቆ ወደኔ ይወርዳል፤ የቱ የሱ እንደሆነ ለማወቅ ሞክሬ አልቻልኩም። ሁሉንም በደንብ አጠብኳቸው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ጨርሼ ስገባ ነቅቶ አገኘሁት።

«አሥራ አራቱን ጨርሻለሁ» አለኝ። «ከሃያው ስድስት እርምጃ ቀርቷል። በወንዙ በኩል ያለው ነው። ክሩን አይተሽ ታውቂዋለሽ።»

«እሺ አባዬ።»

«እንዳትገቢ።»

«አልገባም።»

«ልጆቹንም።»

«እሺ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ተኛ ብዬ ስነሳ «ውሃው ውስጥ ሲገባ ጩም ነው ያለው» አለ። «ትልቅ ወንዝ ቢሆን እንደዚያ አይልም ነበር። የኛ ወንዝ ደግሞ ትንሽ ነው። ትንሽ ነው አይደል?»

«ትንሽ ነው፣ አባዬ።»

«ግን ሁለተኛውም ወንዝ ትንሽ ነው» አለ። በማግስቱ ጠዋት ሞተ።

ከቀበርነው ከሦስት ወር በኋላ የመሬት ጽሕፈት ቤት ጠራኝ። አከራያችን የሰጠችን ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ጸሐፊው የደከመው፣ ደግ የሚመስል ሽማግሌ ነው። የአባቴን ቅጽ ከፋይሉ አወጣና «አላውቅም» የሚለውን በጣቱ ነካው።

«እንዲህ ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም፣ ልጄ። አዲስ መመሪያ መጥቷል። ቀባሪው በሕይወት ከሌለ የነገረውን ወራሹ ሞልቶ ይፈርማል። አባትሽ ስንት ነው ያሉሽ? አርባ ብለውሽ እንደሆነ አርባ በይ፣ ፈርሚ፣ የይዞታ ካርታሽን ዛሬውኑ ይዘሽ ሂጂ። ማን ይጠይቅሻል? ሁለት ወር ሙሉ በመሣሪያ ተፈትሾ የታጣ ነገር ነው።»

አዲስ ቅጽና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ስንት ቀን የለመንኩት ነገር ነው። ድንኳኑ ውስጥ አባቴ እንዲጽፍበት ያፈጠጥኩበት እስክሪብቶ ማለት ነው። አራት ክፍል ቤት ታየኝ፤ ልጆቼ ለየብቻ ሲተኙ ታየኝ። አሥራ አራት እርምጃ አባቴ በሆዱ ፈትሾታል። የቀረው ስድስት ነው። በዚያ ላይ ወንዛችን ትንሽ ነው፤ ጩም ብሏል። «አ» ብዬ ጻፍኩ። «አርባ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊው ማህተሙን ከመሳቢያ አወጣ።

ትንሿ ልጄ ኳስ ትወዳለች። የመታችው ኳስ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ወንዝ ነው የሚሄደው።

እጄ እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ከአርባው ቀጥዬ «አንድ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ጸሐፊው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «እንዲህ ከሆነ መሬቱ እንደተዘጋ ነው የሚቀረው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«እስከ መቼ እንደሆነም እኔ ልነግርሽ አልችልም። የሚያወጣው ቡድን መቼ እንደሚመለስ…»

«በዕቅድ ላይ ነው» አልኩት።

ወጣሁ። ባሌ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ ከልጆቹ ጋር ይጠብቀኛል። በእጄ ወረቀት እንዳልያዝኩ ሲያይ ገባው፤ ሞተሩን አስነሳ። ትንሿ ልጄ ግን በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ መቼ ነው የሚሰጡን?»

እግሬ ላይ ያለው ጫማ አባቴ የሰፋልኝ ነው። እሱን ማየት ጀመርኩ።